ወለተ ጴጥሮስና የእምነት ነፃነት



ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን ላይ፣ ሁለተኛው ቡና እየቀረበ ሳለ፣ አንዲት ወጣት አባላችን ባሏ ሃይማኖቷን እንድትለውጥ የሚያስገድዳት ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀችን። ሁላችንም ለመመለስ ተሽቀዳደምን። ግማሻችን ለትዳሯ ስትል ትታገሥ አልን፣ ግማሻችን ጥላው ትውጣ አልን። ልጅቷ ግን ቡናዋን ጨርሳ ዝም ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ የምትመላለሰው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ታሪኳን ብዙዎቻችሁ ከቤተ ክርስቲያን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ያንን ጥያቄ ይዤ እንደገና ልተርከው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። እንደ ወጉ በልጅነቷ ከዐፄ ሱስንዮስ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ለነበረው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር አንብበን አንለፈው። በመካከላችን አንድ ልጅ የቀበረች እናት ስንት ዓመት እንደሚያማት እናውቃለን።

በዚያው ዘመን በቤተ መንግሥቱ አዲስ ትምህርት ገብቶ ነበር። ከኢየሱሳውያን ማኅበር የመጣው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገር ገባ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ከሊቃውንት ጋር በትዕግሥት ተከራከረ። እኛ ከቆሰበር ወደ ምሥራቅ ተሻግረን በምንደርስበት በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ በ1618 አይቶ የጻፈ እሱ ነው። የክርክሩ ፍሬ የክርስቶስ ባሕርይ ነበር። የሮማ ቤተ ክርስቲያን መለኮትና ሥጋ በአንድ አካል ሁለት ባሕርይ ሆነው ይኖራሉ ስትል፣ የአገሬው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ሆነዋል ትላለች። ይህ የሊቃውንት ነገር ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

ነገሩ ወደ ቤት የገባው ሌላ ሰው ሲመጣ ነው። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ እንደ እሱ ታጋሽ አልነበረም። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ለሮማው ጳጳስ እንደሚታዘዙ ማሉ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር፣ የበዓላት አቆጣጠር እንዲለወጥ ታዘዘ። መቼ እንደሚጾም፣ መቼ ወፍጮ እንደሚያርፍ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚጠመቅ የምትጠብቀው ሴቲቱ ናት። ስለዚህ አዋጁ የወጣው ከአደባባይ ቢሆንም የደረሰው ጓዳ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ግን ሜንዴዝ ከመምጣቱ በፊት መንገዷን ጀምራ ነበር። ባሏ የንጉሡን ወገን ሲይዝ ከቤቱ በስውር ወጥታ ወደ ጣና ሄደች። ባሏ ጦር ይዞ ፍለጋ ወጣ፤ የሸሸገቻት ከተማ በእሷ ምክንያት ጠፋች። ይህን ባየች ጊዜ በሌሎች ላይ ሥቃይ እንዳይደርስ ብላ ተመለሰች። በ1617 ንጉሡን የተቃወሙት አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደሉ የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ መሆኑን አወቀች። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም። በመጨረሻ ለቀቃት፤ መነኮሰች። መታገሥንም መውጣትንም ያየች ሴት ናት ማለት ነው፤ እኛ በቡናው ላይ ሁለት አድርገን የከፈልነውን እሷ በአንድ ሕይወት አሳልፋዋለች።

በጣና ዳር እኅተ ክርስቶስን አገኘች። እሷም ባልና ልጅ ትታ የመጣች ነበረች። እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም። የእኔ አስተያየት ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ያለ እኅተ ክርስቶስ አይሆንም ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን እምቢ ስትል ትታሰራለች ወይም ታብዳለች፤ ሁለት ሲሆኑ ቤት ይሠራሉ።

በየቦታው እየዞረች የንጉሡን ሃይማኖት አትቀበሉ ብላ በማስተማሯ ሁለት ጊዜ ንጉሡ ችሎት ፊት ቀረበች። በሁለተኛው ንጉሡ ሊገድላት ቢፈልግም አንድ ክረምት ለሜንዴዝ ተሰጠች። የተማሩት አባቶች እየተመላለሱ መጽሐፍ አነበቡላት፣ ተከራከሯት። አልሆነም። ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ሞቃቱ ዠበይ በረሃ ተጋዘች። ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ተከታዮቿ እየተከተሉ መጡና የመጀመሪያው ማኅበሯ በዚያው በግዞት ምድር ተመሠረተ።

ስለዚያ ክረምት ሳስብ የካቶሊክ መምህራን ራሳቸው ያስተማሩት ነገር ይገርመኛል። በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኲናስ እምነት የፈቃድ ሥራ ስለሆነ ከቶ ያላመነ ሰው በግድ ሊያምን አይገባም ብሎ ጽፏል። ኅሊናው ቢሳሳት እንኳ ሰው ኅሊናውን መቃወም እንደሌለበትም አስተምሯል። ግን አንድ በር ክፍት ተወ፤ እምነቱን ተቀብሎ የተመለሰውን ማስገደድ ይቻላል አለ። ሜንዴዝ የአገራችንን ክርስቲያኖች የሚያያቸው ከእናት ቤተ ክርስቲያን እንደ ኮበለሉ ነበርና በዚያ በር ገባ። በሩ የተዘጋው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ 1965 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ ማንም ሰው በእምነት ነገር ከኅሊናው ውጭ እንዳይገደድ ወሰነ፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ከወንጌል መንፈስ ጋር የማይስማማ ሥራ መሠራቱንም አመነ። በዠበይ በረሃ የነበረችው ሴት ይህን አልሰማችም።

ሚዛኑ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል። በ1632 ከላስታ ሰዎች ጋር በተደረገው ጦርነት 8000 ያህል ሰው ካለቀ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ። ልጁ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አባረረ፤ በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። ከዚያም በእኛው በጎጃም የተወለደው ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆኑ ታስሮ በ1855 በእስር ሞተ። ተገዳጅ የነበረው ሥልጣን ሲያገኝ አስገዳጅ ሆነ። ይህን መጻፍ ለእኔም አይቀለኝም።

ወለተ ጴጥሮስ ከግዞት ተመልሳ በዘጌ፣ በምጽሌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎች ቦታዎች ማኅበር መሠረተች፤ በጠቅላላው ሰባት። ሴቶችም ወንዶችም በየቤታቸው ተለይተው ይኖራሉ፤ አለቃቸው ግን እሷ ናት። የእኔ የሚባል ነገር የለም፤ ምግቡ እኩል ነው። የባላባት ልጅ ሆና ራሷ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። ወረርሽኝ ሲገባ ማኅበሩን በታንኳ አሻግራ ሌላ ቦታ ታሰፍራለች። የቁጠባ ደብተር ይዘን የተራ ወር የምንጠብቅ እኛ፣ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ እንረዳለን።

ለስላሳ አልነበረችም። ደንብ የጣሱትን አጥብቃ ትቀጣ ነበር፤ በኃጢአት ከሚወድቁ ቢሞቱ ይሻላል ብላ በአንዳንድ ደቀ መዛሙርቷ ላይ እንደጸለየች ገድሏ ራሱ አይሸሽግም። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እንዳትገደድ ብላ ይህን ሁሉ የተቀበለች ሴት፣ በራሷ ቤት እንዲህ ትከብዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁንም አልገባኝም።

በኅዳር 1642፣ በ50 ዓመቷ፣ ከሦስት ወር ሕመም በኋላ ዐረፈች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች። ዛሬ ስሟ በጣና ዳር በቋራጣ ገዳም ይጠራል፤ መታሰቢያዋ ኅዳር 17 ነው። ከሞተች 30 ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። ብዕሩን የያዘው እሱ ነው፤ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ታንኳው የነገሩት ግን አብረዋት የፈጩትና የቀዱት ናቸው።