በስህተት የመለስኩት ጥያቄ

በ1991 ዓ.ም. ነው፡፡ ወልድያ ላይ የጥብቅና ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፡፡ አንድ ጠዋት ከሀብሩ ወረዳ የመጡ እናት ቢሮዬ ገቡ፡፡ መርሳ ገበያ ማሽላ እየቸረቸሩ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው፡፡ ባላቸው አብረው ያፈሩትን ጥማድ በሬ ሳያማክሯቸው ሸጠውባቸው ኖሮ፣ መብታቸውን ሊጠይቁ ነው የመጡት፡፡

እኔም በወቅቱ ይሠራበት የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣሁና አስረዳኋቸው፡፡ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ የበላይ እንደሆነ፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባት ይደነግጋል፡፡ የጋራውን ንብረት በመርህ ደረጃ የሚያስተዳድረውም እርሱ ነው፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ካወጀ አራት ዓመት ቢያልፈውም፣ ይህ ድንጋጌ ከመጽሐፉ አልተፋቀም ነበር፡፡ በሕገ መንግሥቱ መከራከር እንደምንችል ብነግራቸውም መንገዱ ረጅም እንደሚሆን አልደበቅኳቸውም፡፡

እናቲቱ አዳምጠው ሲያበቁ ስለ በሬዎቹ ሳይሆን ስለ ሕጉ ጠየቁኝ፡፡ ይህ ሕግ ሲወጣ በመካከላቸው ሴት አልነበረችም ወይ አሉኝ፡፡ የሕግ ተመራቂ ነኝና ሳላቅማማ አንዲትም አልነበረችም ብዬ መለስኩላቸው፡፡

ተሳስቼ ነበር፡፡ ያ ፓርላማ ሲመረጥ አንዲት ሴት ገብታበታለች፡፡ እርሷም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፡፡ ከአራት ዓመት የሕግ ትምህርት በኋላ ስማቸውን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፡፡

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው፡፡ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ አውሮፓ የተማሩ፣ ለጎንደርም ለአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው፡፡ እንኳን ባሕር ማዶ፣ ሴት ልጅን ሰፈር ውስጥ ፊደል ማስቆጠር እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ እኚህ አባት ስንዱንና እህታቸውን የውብዳርን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ፡፡ ስንዱ አገራቸው የተመለሱት ፋሺስት ጣሊያን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፡፡ ወረራው ሲመጣም ቤታቸው አልተቀመጡም፡፡ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተያዙ፣ ጣሊያን አገር አሲናራ ወደምትባለው ደሴት ተጋዙ፡፡

ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ፡፡ ተውኔት ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቻቸውም መድረክ ላይ ይጫወቱታል፡፡ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘውን ሥራቸውን አሳተሙ፡፡ እንግዲህ ወደ ፖለቲካው የመጡት እስር ቤትንም ትምህርት ቤትንም አይተው ነው፡፡

በሩን የከፈተላቸው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፡፡ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው እንደራሴ አልነበረም፡፡ የ1948ቱ ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፡፡ አገሪቱ በግምት 200,000 ሕዝብ ባለው የምርጫ ክልል ተከፋፍላ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ እንዲኖረው ተወሰነ፡፡ ተመራጩ 25 ዓመት የሞላው፣ በክልሉ የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፡፡ ይህቺን የንብረት ነገር ልብ በሉልኝ፡፡ በስሟ የተጻፈ ቤት ወይም መሬት ያላት ሴት በዚያ ዘመን ስንት ነበረች? ሕጉ በሩን ለሁሉም ከፍቶ ደፉን ከፍ አድርጎታል፡፡

ምርጫው የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፡፡ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፡፡ ዕጩው የሚቆመው በገዛ ስሙ ብቻ ነው፡፡ ወይዘሮ ስንዱ በስማቸው ቆመው ተመረጡ፤ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊትም ሆኑ፡፡ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ፡፡

ለመሆኑ ያ ወንበር ምን ያህል ሥልጣን ነበረው? ብዙ አልነበረውም፡፡ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፡፡ ያለ እርሳቸው ይሁንታ ሕግ አይጸናም፡፡ ምክር ቤቱንም መበተን ይችላሉ፡፡ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት 3,367 አንቀጾች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ የጸደቀው በዚሁ ፓርላማ የሥራ ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. ነው፡፡ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡበት ፓርላማ ዘመኑን ሳይጨርስ ሚስት ለባሏ ትታዘዝ የሚል ሕግ ወጣ ማለት ነው፡፡ ወይዘሮ ስንዱ ኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገሉ፡፡ በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አረፉ፡፡

ያ አንቀጽ ታዲያ እንዴት ተሻረ? የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ለዓመታት ወተወቱ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፡፡ ይሁን እንጂ ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር፡፡ ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው፡፡ የአማራ ክልል ምክር ቤት የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፡፡ በእነዚያ ሦስት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ከባሏ እኩል የሆነች ሚስት ወልድያ ስትደርስ በመጽሐፉ ላይ ታዛዥ ነበረች! የመርሳዋን እናት ጥያቄ በመጨረሻ የመለሰው ባሕር ዳር የተቀመጡ የክልል ተመራጮች እጅ ማውጣታቸው ነው፡፡

አንዳንድ ወዳጆቼ ስንዱ ተመርጠው ምን ለወጡ ይሉኛል፡፡ ሙግቱ አይዋጥልኝም፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፡፡ እርሳቸው ሸክሙን ለብቻቸው የተሸከሙ ሰው ነበሩ፡፡ ሙፈሪያት ካሚል የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ የሆኑት በ2010 ዓ.ም.፣ ከስንዱ መመረጥ 60 ዓመት በኋላ ነው፡፡ ጥፋቱ የመጀመሪያዋ ሴት ብቻዋን መግባቷ ሳይሆን፣ ተከትለዋት የሚገቡት እንዲህ መዘግየታቸው ነው፡፡ በሌላ በኩል ግን፣ ሴት ገብታለችና ነገሩ አልቋል ለሚሉም የ1952ቱ ሕግ መልስ ይሆናቸዋል፡፡ ወንበር ብቻውን ሕግ አያወጣም፡፡

እኚያ የሀብሩ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፡፡ የበሬዎቹን ጉዳይ በሽማግሌ ጨርሰው፣ የአንዱን በሬ ዋጋ ተቀብለው ነበር፡፡ ዛሬ ቢጠይቁኝ አንዲት ሴት ነበረች፣ ብቻዋን ነበረች፣ እርስዎም የሚያውቋት ሴት ምክር ቤት እንድትገባ ድምፅዎን ይስጡ እላቸው ነበር፡፡ ያኔ የሰጠኋቸው መልስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነበር፡፡ ይህችን ጽሑፍ እንደ እርማት ይቁጠሩልኝ፡፡