ሮበርት ኖይስ እና የሁለቱ ፕሮሰሰሮች ፉክክር

በማደሪያችን ኢንቴል ይበልጣል፣ የለም ኤ.ኤም.ዲ. ይበልጣል የሚለው ክርክር ከተነሳ እራት እንኳ ይቀዘቅዛል። ከአፍደም የመጣነው ሰልጣኞች ባለፈው ወር አዋጥተን ለቆመው ኮምፒዩተራችን ፕሮሰሰር አስገዛን፤ የመጣው የሌላው ኩባንያ ሆኖ አልገጥም አለ! ገንዘቡም ቀረ። የሁለቱን መነሻ ስንፈልግ ነው የዚህን ሰው ሕይወት ያገኘነው።

ሮበርት ኖይስ እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት ከሰባኪ አባት ተወለደ። ኮሌጅ ሳለ ለግብዣ የሚሆን አሳማ ሰርቆ ለአንድ ሴሚስተር ታግዷል (ይሄን የምንጽፈው ለአርአያነት አይደለም)። በ1953 ከኤም.አይ.ቲ. በፊዚክስ ዶክትሬቱን ተቀበለ። ከትራንዚስተር ፈልሳፊዎች አንዱ በነበረው በሾክሌይ ስር ተቀጥሮ ሲሠራ የአለቃው ጠባይ ስላላስቻላቸው፣ በ1957 ከሰባት ባልደረቦቹ ጋር ወጥተው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋሙ።

ትልቁ ሥራው የ1959ኙ ነው። ያኔ ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ ተሠርተው በሽቦ ይያያዙ ነበር። ኖይስ ትራንዚስተሮቹንም መገናኛቸውንም በአንድ የሲሊከን ቁራጭ ላይ አብሮ የመሥራትን ዘዴ አቀረበ። ጃክ ኪልቢ በ1958 በጀርማኒየም ቀድሞታል፤ የእሱ መገናኛ ግን ገና ሽቦ ነበር። ስለዚህ ክብሩ የሁለቱም ነው እንላለን። ኪልቢ በ2000 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ኖይስ በሕይወት አልነበረም።

በ1968 ኖይስ ከጎርደን ሙር ጋር ኢንቴልን መሠረተ። በዓመቱ ከዚያው ከፌርቻይልድ የወጣው ጄሪ ሳንደርስ ከባልደረቦቹ ጋር ኤ.ኤም.ዲ.ን አቆመ። ለካ ባላንጣዎቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው! አይ.ቢ.ኤም. በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒዩተር የኢንቴልን 8088 ሲያስገባ በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል አልፈለገም፤ ስለዚህ ኤ.ኤም.ዲ. በ1982 በተደረገ ውል የኢንቴልን ዓይነት እንዲሠራ ተፈቀደለት። ኋላ ውሉ ራሱ አካሰሳቸው። ኖይስ ክርክሩ ሳያልቅ በ1990፣ በ62 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

ታዲያ የእኛው ለምን አልገጠመም? የሚሠሩበት ቋንቋ አንድ ነው፤ ኢንቴል እንኳ ኤ.ኤም.ዲ. በ2003 ያወጣውን ባለ 64 ቢት አሠራር ተቀብሏል። መቀመጫቸው ግን ይለያያል። ይሄ ለአፍደም ልጅ አይከብድም፤ የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ተሳፋሪው ያው ቢሆንም ባቡሩ አይቀያየርም። ጊጋኸርዝ ብቻ አይቶ መፍረድም ስህተት ነው፤ አሠራራቸው ከተለያየ በአንድ ምት የሚጨርሱት ሥራ እኩል አይሆንም። ያንኑ ሥራ ለሁለቱም ሰጥቶ በሰዓት መለካት ይሻላል።

የማዘርቦርዳችንን ቁጥር አሁን ወረቀት ላይ ገልብጠናል፤ መዋጮውም እንደገና ተጀምሯል።