ከንቲባ ገብሩ ደስታ

ልጆቻችን በናይሮቢ መሃል ከተማ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ሲያልፉ፣ በአገራችንስ የቀድሞ ከንቲባዎች እነማን ነበሩ ብለው ይጠይቁናል። ዘንድሮ ከእነሱ አንዱን ልናስተዋውቃቸው ወደድን።

ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ተገናኝተው በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም የጎንደር ከንቲባ አድርገው ሾሟቸው፤ ማዕረጉም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከስማቸው ጋር ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው ከተመራው የመልእክተኞች ቡድን ጋር አሜሪካ ሄደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋገሩ።

እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን በቤታቸው ያደረጉት ነው። ሴት ልጅ ለትዳር እንጂ ለትምህርት አትታሰብም በሚባልበት ዘመን ሴቶች ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሩ። ከእነዚህ አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስንዱ በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1957ም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ለመሆን በቁ።

በስደት ኑሮ ሲከብድና የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያስጨንቅ፣ ሴቷ ትቅር የሚል ሐሳብ ዛሬም ወደ አንዳንድ ቤት ይገባል። ወላጆች ሆይ፣ ያን ጊዜ ከንቲባ ገብሩን አስታውሱ፤ ከመወሰናችሁ በፊትም ወደ እኛ መጥታችሁ አማክሩን።