ጄምስ ፓርኪንሰንና የሚንቀጠቀጡት እጆች

የአንዳንዱ ሰው ስም በሐውልት ላይ ይቀረጻል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት ይሰጣል። የጄምስ ፓርኪንሰን ስም ግን የተረፈው በበሽታ ላይ ነው። ስሙ በየሐኪም ቤቱ ዕለት ዕለት ሲነሣ፣ ሰውየው ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ፓርኪንሰን አፕሪል 11 ቀን 1755 ዓ.ም. በሎንዶን፣ ሆክስተን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ በዚያው ሰፈር መድኃኒት ቀማሚና ቀዶ ጠጋኝ ስለ ነበረ ልጁ ሙያውን ከአባቱ ተማረ፤ በ1776 ደግሞ በሎንዶን ሆስፒታል ለስድስት ወር ተከታተለ። ከዚያም በኋላ ከሰፈሩ ሳይርቅ በሽተኛ ሲያክም ኖረ።

ነገር ግን በሽተኛ ማከም ብቻ አልበቃውም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የፓርላማ እንደራሴ የመምረጥ መብት የነበረው ጥቂቱ ሰው ብቻ ነበር። ፓርኪንሰን ይህ እንዲሻሻል በሚጠይቀው በሎንዶን ኮረስፖንዲንግ ማኅበር አባል ሆነ፤ ሽማግሌው ሂዩበርት በሚል የብዕር ስምም መንግሥትን የሚነቅፉ ትንንሽ ጽሑፎች አሳተመ። በ1794 የማኅበሩ ጓደኞቹ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊን በመርዝ በተቀባ ፍላጻ ለመግደል አሢራችኋል ተብለው ተያዙ። በንጉሡ አማካሪዎች ሸንጎ ፊት ቀርቦ ለእነሱ መመስከር በራስ ላይ አደጋ መጥራት ነበር። እሱ ግን ቀረበ፤ ራሱን እንዲወነጅል እንደማይገደድ ካረጋገጡለት በኋላ ስለ ጓደኞቹ መሰከረ። ተከሳሾቹም በመጨረሻ ነፃ ወጡ።

በትርፍ ጊዜው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የጥንት እንስሳትና ዕፀዋት ይሰበስብ ነበር፤ በ1807 የሎንዶንን የጂኦሎጂ ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎችም አንዱ ነው።

ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ የታተመው በ1817፣ ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ይተርካል። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ ወገባቸው ወደ ፊት ይጎብጣል፤ መራመድ ሲጀምሩ ሳይወዱ ወደ ሩጫ ይገባሉ። ከስድስቱ ሦስቱን ያያቸው በመንገድ ላይ ነበር። ሌላው ሰው እርጅና ነው ብሎ የሚያልፈውን እሱ ቆሞ ተመለከተ። መድኃኒቱን ግን አላገኘም፤ ከአንገት ደም ማውጣትን የመሰለ፣ ዛሬ የማይረባ መሆኑ የታወቀ ሕክምና ነበር ያሰበው። የበሽታውን ምክንያት አለማወቁን ሳይደብቅ ሥራውን ለተከታዮቹ ተወ። ዲሴምበር 21 ቀን 1824 ዓ.ም. ሞተ፤ የእሱ መሆኑ የተረጋገጠ አንድም ሥዕል አልተገኘም። በሽታውን በስሙ የጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ነው፤ ያውም ከሞተ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በኋላ።

ምክንያቱ እስኪገለጥ ብዙ ጊዜ አለፈ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው አመለከተ። በ1960 በቪየና ከተማ ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች በዚህ በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ አንሶ አገኙ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይገባም፤ ሌቮዶፓ ግን ይገባና እዚያው ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። በ1967 ኮትዚያስ በአሜሪካ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ በአፍ ቢሰጥ፣ መንቀሳቀስ አቅቷቸው የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። በኋላም ካርቢዶፓ ታከለበት፤ ይህም ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ይረዳል፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። ሆኖም መድኃኒቱ ምልክቱን ያቀላል እንጂ በሽታውን አይነቅልም፤ ከዓመታት በኋላም ኃይሉ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፤ ያልታሰበ የሰውነት መወራጨትም ያመጣል።

እንግዲህ በፓርኪንሰንና በሌቮዶፓ መካከል መቶ ሃምሳ ዓመት አለ። እሱ የፈወሰው አንድም በሽተኛ የለም። ነገር ግን አስቀድሞ አይቶ በትክክል የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ የኋለኞቹ መድኃኒት የሚፈልጉለትን በሽታ ለይተው ባላወቁት ነበር። እኛም ተማሪዎች በመንገዳችን ላይ ስንቱን እያየን ሳናይ እንደምናልፍ ብናስብበት መልካም ነው።