የወሎው ልጅ በአሜሪካ፦ የዶክተር መላኩ በያን ሕይወት



ባለፈው ጥምቀት፣ ውጭ አገር የምትማር የአንዲት አባላችን ልጅ ሐይቅ መጥታ ነበር። ቡና ላይ ሆነን ስትጫወት፣ የክፍል ጓደኞቿ ወሎ ስትላቸው ትዝ የሚላቸው ረሃብ ብቻ እንደሆነ ነገረችን፤ አዘንን። ከሌላ አፍሪካዊ ጋር ሲያመሳስሏት ግን እኛ ከእነሱ እንለያለን ብላ ቶሎ እንደምታርማቸው ስትነግረን ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ስማችን በረሃብ ሲነሳ የሚያመን እኛ፣ ሌላው ሲናቅ እንዴት እንስቃለን? የዶክተር መላኩን ታሪክ የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1900 ወሎ ተወልደው ሐረር አደጉ። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ድጋፍ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለትምህርት ሄዱ። በኦሃዮ ግዛት ሙስኪንገም ኮሌጅ ተምረው በ1928 ተመረቁ።

በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ኢትዮጵያዊ ግን አንዳንዴ በሌላ ዓይን ይታይ ነበር። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቆጥሩም የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር። ዶክተር መላኩ ይህ ልዩነት በጠቀማቸው ነበር። እሳቸው ግን ሕክምና ለመማር ዋሽንግተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ሃዋርድ ገቡ። በ1931 ጥቁር አሜሪካዊቷን ወይዘሮ ዶሮቲ ሃድሊን አገቡ። ወሬውን በንግግር ብቻ ሳይሆን በትዳራቸውም አፈረሱት።

በ1935 ተመርቀው ከባለቤታቸው ጋር አገራቸው ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረን፤ እሳቸውም በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን አከሙ። በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኒውዮርክ ተመለሱ። በ1937 ከወይዘሮ ዶሮቲ ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣም ያወጡ ነበር። ቅርንጫፎቹ እስከ ጃማይካ ደረሱ። በኢኮኖሚ ቀውስና በመድልዎ የተጎዱ ጥቁር ሕዝቦች፣ አይተዋት ለማያውቋት ኢትዮጵያና ለስደተኞቿ ከጉድለታቸው አዋጡ።

እኔ የማኅበራችንን ወርሃዊ መዋጮ የምመዘግብ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ከሌለው እጅ የሚወጣ ብር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያን ገንዘብ የሰጡን ሰዎች፣ ዛሬ ልጆቻችን ከእነሱ እንለያለን የሚሏቸው ናቸው።

ዶክተር መላኩ በሳንባ ምች ታመው በግንቦት 1940፣ በ40 ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ነጻነታችንን አላዩም።

ያቺ ልጅ ስትደውል ይህን ታሪክ እነግራታለሁ። ልጆቻችሁን ወደ ውጭ የምትልኩ እናቶችም ከስንቃቸው ጋር ይህን ጨምሩላቸው፤ በኢትዮጵያዊነታቸው ይኩሩ፣ ሌላውን ግን አይናቁ።