ሄይ ግሮቭስና የተተኪው ጅማት መያዣ

በጉልበት መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የእንግሊዛዊው ሐኪም የኧርነስት ዊልያም ሄይ ግሮቭስ ስም ዘወትር የሚነሣው በቀዳሚነታቸው ነው። ይሁንና ሳይፈቱት የተዉት ችግርም ከዚያ ያላነሰ ትኩረት የሚገባው ይመስላል፤ ይኸውም የተተኪው ጅማት ጫፍ በአጥንት ላይ በምን ጸንቶ ይቆያል የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1872 በሕንድ ተወልደው በለንደን ሕክምና ከተማሩ በኋላ፣ በብሪስቶል አቅራቢያ በኪንግስዉድ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርተዋል። ኋላም በብሪስቶል ጄኔራል ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም፣ በከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1913 የብሪታንያ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በእነዚሁ ዓመታት ብረት፣ ብሎንና ችንካር በሕያው አጥንት ውስጥ ምን እንደሚሆኑ በድመቶች ላይ ሞክረዋል። ወደ ጉልበት የመጡት እንግዲህ የማያያዝን ጉዳይ አስቀድመው በአጥንት ስብራት ላይ መርምረው ነው።

ከእርሳቸው በፊት ማዮ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1895 በሊድስ ከተማ የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶችን ሰፍተው ነበር። የተተለተለን ጅማት መልሶ መስፋት ግን ብዙ ጊዜ አስተማማኝ አይደለም። ሄይ ግሮቭስ እ.ኤ.አ. በ1917 በላንሴት መጽሔት ያወጡት መፍትሔ ሌላ ጅማት መተካት ነበር። ከጭን ውጫዊ ጎን ከሚወርደው ጠንካራ ሽፋን ቁራጭ ከፍለው፣ አንዱን ጫፍ ከተፈጥሮ ሥፍራው ሳይነቅሉ፣ ሌላውን በጭንና በቅልጥም አጥንት ውስጥ በበሱት ቀዳዳ አሳልፈው በስፌት አሰሩት። የተተኪው አቅጣጫ እንደ ተፈጥሯዊው ጅማት ሰያፍ መሆን እንዳለበትም አጥብቀው አሳሰቡ።

በእኔ ግምት የዘዴው ብልሃት ያልተነቀለው ጫፍ ላይ ነው፤ ሐኪሙ በእጁ የሚያስረው አንዱን ጫፍ ብቻ ይሆናል። ድክመቱም ከዚያው ከሚታሰረው ጫፍ ይነሣል። ቁራጩ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር እስኪዋሐድ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ጉልበቱ የሚያሳርፈውን ጫና ሁሉ የሚሸከመው ክር ነው። ጉልበቱ ቶሎ ቢንቀሳቀስ ተተኪው ይላላል፤ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ቢቀመጥ ደግሞ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

ሄይ ግሮቭስ በ1920ዎቹ ፊታቸውን ወደ ዳሌ አዙረው የጭን አጥንትን ራስ በዝሆን ጥርስ እስከ መተካት ደረሱ። በ1944 አረፉ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1983፣ ላምበርት ከአጥንት ቁራጭ ጋር የተወሰደን የሎሚ አጥንት ጅማት በቀዳዳው ውስጥ በብሎን አጣብቀው መያዛቸውን አሳወቁ። በ1987 ኩሮሳካና ባልደረቦቻቸው የተለያዩ መያዣዎችን በአስከሬን ጉልበት ላይ ሲያወዳድሩ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጊዜ ደካማው ቦታ ጅማቱ ራሱ ሳይሆን መያዣው ሆኖ ተገኘ፤ ከተሞከሩት ሁሉ የበረታውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብሎን ነበር።