አልፍሬድ ቢኔ

አልፍሬድ ቢኔ (ጁላይ 8 ቀን 1857 – ኦክቶበር 18 ቀን 1911 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ነበር። ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያወጣው መለኪያ የመጀመሪያው ተግባራዊ የማሰብ ችሎታ ፈተና ሆኖ ይቆጠራል። ፈተናው የተዘጋጀው በትምህርታቸው ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችን ለይቶ ልዩ እርዳታ እንዲያገኙ ለማድረግ ነበር። ከቢኔ ሞት በኋላ ግን በአንዳንድ አገሮች ሰዎችን ለማግለል አገልግሏል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ሕይወት

ቢኔ የተወለደው በኒስ ከተማ ነው፤ ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በሰርዲኒያ መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ወላጆቹ ሲለያዩ ከእናቱ ጋር ወደ ፓሪስ ሄዶ በሊሴ ሉዊ ለግራን ተማረ። በ1878 በሕግ ተመረቀ፤ ሕክምናም ጀምሮ ተወው። ሥነ ልቡናን የተማረው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በራሱ እያነበበ ነው።

ከ1883 ጀምሮ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል በታዋቂው ሐኪም በዣን-ማርተን ሻርኮ ሥር ሠራ። በዚያም ማግኔት በሂፕኖሲስ ላይ ባለ ሰው አካልና ስሜት ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ ጻፈ። የቤልጅጉ ሊቅ ዮሴፍ ደልቤፍ ግን ውጤቱ የመጣው ከማግኔቱ ሳይሆን መርማሪዎቹ ሳያውቁት ከሚሰጡት ፍንጭ መሆኑን አሳየ። ቢኔ በመጨረሻ ስሕተቱን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ መርማሪው በሚመረምረው ሰው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከዋና ጥናቶቹ አንዱ ሆነ።

በ1884 የሥነ ሕይወት ሊቁን የኤዱዋር ባልቢያኒን ልጅ አግብቶ ማድሌንና አሊስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። እነርሱ ሲያድጉ አስተሳሰባቸውን በልዩ ልዩ ቀላል ሙከራዎች ተከታተለ። በአንድ ቤት ያደጉ እኅትማማቾች እንኳ በተለያየ መንገድ እንደሚያስቡ መገንዘቡ ለኋለኛው ሥራው መነሻ ሆነ። በ1891 በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ገባ፤ በኋላም ዳይሬክተሩ ሆኖ እስከ ሞቱ ድረስ መራው።

የቢኔ-ሲሞን መለኪያ

በፈረንሳይ በ1882 የወጣ ሕግ ከ6 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ትምህርትን ግዴታ አደረገ። ስለዚህ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆችም ወደ ክፍል ገቡ። በ1904 መንግሥት ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ትምህርት እንዲያጠና ኮሚሽን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ።

ዋናው ችግር ልጆቹ በምን ይለዩ የሚለው ነበር። አንድን ልጅ የተለያዩ ሐኪሞች ሲያዩት የተለያየ ስም ይሰጡት ነበር። መምህራን የሚያስቸግር ተማሪን ለማስወጣት፣ ወላጆች ደግሞ የልጃቸውን ችግር ለመደበቅ ሊፈልጉ ይችላሉ። ቢኔ የራስ ቅልን በመለካትም ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን በጎበዝና በሰነፍ ተማሪ መካከል ያገኘው ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ዘዴውን ተወው።

በ1905 ከሲሞን ጋር ያወጣው መለኪያ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 30 ጥያቄዎች ነበሩት። የበራ ክብሪትን በዓይን መከተል፣ ቸኮላታን ከእንጨት መለየት፣ በሥዕል ላይ ያሉ ዕቃዎችን መጥራት፣ ቁጥሮችን ሰምቶ መድገም፣ ሁለት ክብደቶችን ማወዳደር፣ በሦስት ቃላት ዓረፍተ ነገር መሥራት ከእነዚህ መካከል ናቸው። አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ አይጠይቁም ነበር፤ ምክንያቱም ቢኔ ያልተማረን ልጅ ማሰብ ከማይችል ልጅ ለመለየት ይፈልግ ነበር። የትምህርት እውቀት ለብቻው እንዲለካ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ ቫኔ ሌላ ፈተና አዘጋጀ። ፈታኙም ልጁን በጸጥታ ቦታ፣ በደግነት እያበረታታ፣ መልሱን ሳይጠቁም እንዲፈትን ታዘዘ።

በ1908 ጥያቄዎቹ ከ3 እስከ 13 ዓመት በየዕድሜው ተመደቡ። መለኪያው በ1911 እንደገና ተሻሻለ።

ስለ ማሰብ ችሎታ የነበረው አመለካከት

ቢኔ ውጤቱ ልጁ በዚያን ጊዜ ያለበትን ደረጃ እንጂ ለዘለዓለም የማይለወጥ መጠን አያሳይም ብሎ ያምን ነበር። በ1909 ስለ ልጆች ባወጣው መጽሐፍ የማሰብ ችሎታ በትምህርት አይጨምርም የሚሉትን አጥብቆ ተቃወመ። ለደካማ ተማሪዎችም ትኩረትን፣ ትውስታንና ፈቃድን የሚያጠነክሩ ልምምዶችን አዘጋጀ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ በፈረንሳይ ለእነዚህ ልጆች ልዩ ክፍሎች እንዲከፈቱ ተፈቀደ። ቢኔ በ1911 በ54 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ።

ከሞቱ በኋላ

በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የአእምሮ ዕድሜን ለእውነተኛው ዕድሜ በማካፈል ውጤቱ በአንድ ቁጥር እንዲገለጽ ሐሳብ አቀረበ። በአሜሪካ ሉዊስ ተርማን ቁጥሩን በ100 አባዝቶ በ1916 ባወጣው የስታንፎርድ-ቢኔ ፈተና ተጠቀመበት፤ አይ ኪው የሚባለው ይህ ነው። ሄንሪ ጎዳርድ የቢኔን መለኪያ ወደ አሜሪካ ሲያስገባ የማሰብ ችሎታ በዘር የሚወረስና የማይለወጥ ነው ብሎ ነበር። በፈተናው ደካማ አእምሮ ያላቸው የተባሉ ሰዎች በግድ እንዲመክኑ የሚያደርጉ ሕጎች በብዙ ክፍላተ ሀገር ወጡ፤ በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያን ሕግ አጸደቀ። በ1979 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥቁር ልጆች በአይ ኪው ፈተና ወደ ልዩ ክፍሎች እንዳይመደቡ ከለከለ።

የመጀመሪያው ዓላማም አልጠፋም። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ዲስሌክሲያ የተባለው የማንበብ ችግር ያለበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት የምርመራ ዘገባ ያቀርባል። ዘገባውን የሚያዘጋጀው የሥነ ልቡና ባለሙያ ወይም ለዚህ ሥራ የሠለጠነ መምህር ነው። በምርመራው የተማሪው የማመዛዘን ችሎታና ትውስታ ከንባቡ ፍጥነትና ከአጻጻፉ ጋር ይታያል፤ ቁጥሮችን ሰምቶ መድገምም እስከ ዛሬ በእንዲህ ያሉ ፈተናዎች ውስጥ አለ። በዘገባው መሠረት ተማሪው ጽሑፍ የሚያነብለት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወይም በአጠናን ዘዴ የሚረዳው ባለሙያ ሊመደብለት ይችላል።